በስኮትዴል ሰማይ ላይ ምንም አልታየም

ዩኒፎርም የለበሰ ፊቱ እስኪቆም ድረስ ሁሉን ያየ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ ጋሽ ታደሰ እንደዚያ ናቸው።

ጀንበር ስትጠልቅ ከአፓርታማችን በላይ ድምፅ የሌለው፣ ትሪ የሚመስል ነገር ሲያንዣብብ አዩ። እዚህ አሜሪካ፣ ስኮትዴል ከተማ ላለው ሐበሻ ሁሉ አወሩት። በተወራ ቁጥር እየሰፋ ሄዶ ትሪው አውቶቡስ አከለ። እዚሁ ያደገችው ልጃቸው ሄለን ደግሞ ኦንላይን ሪፖርት አደረገችው። ይኸው ከጦሩ አንድ መርማሪ መኮንን መጣ። ጎረቤት ነኝና ለማስተርጎም እኔ ተጠራሁ።

"ምን አዩ?" አለ መኮንኑ።

የጋሽ ታደሰ የዜግነት ኢንተርቪው ደርሷል። "ወደ ላይ አላይም በለው። አንገቴን ያመኛል።"

"አባዬ፣ ላይክ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያሳየኸኝ?" አለች ሄለን።

"የጎረቤት መብራት ይሆናል። ጎረቤቶቼንም አላውቃቸውም በለው።"

ሰው እንዴት ሰማይ የሚያክል ነገር ይክዳል? እየተናደድኩ ተረጎምኩ።

መኮንኑ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ? ምን አየህ?"

ያን ቀን ከጋሽ ታደሰ ጎን ቆሜ ነበር፤ ቁልጭ ብሎ ታይቶኛል። የእኔም የመኖሪያ ወረቀት ግን ገና አላለቀም።

"እኔ የመጣሁት ለማስተርጎም ነው" አልኩት።