የጥር መብረቅ

ሠርግ ላይ ከሙሽራው በላይ የሚታዘዙለት ማን ነው? አማች እንዳትሉኝ፤ ፍላሽ የያዘ ፎቶ አንሺ ነው። «ቆይ!» ካለ ጉርሻ አየር ላይ ይቆማል፤ የመረቁ ሽማግሌም ዓይናቸውን እያሹ ምርቃታቸውን ይደግማሉ።

ባለፈው ጥር ቆቦ አጠገብ አንድ ዳስ ውስጥ ነበርን። መሸት ሲል መብራት ሄደ። ፎቶ አንሺያችን ፍላሹን ወደ ነጩ የሸራ ጣሪያ ቀና አድርጎ፣ «ሙሽሪት፣ ጉርሻውን ያዢ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለ። ትንፋሻችንን ዋጥን። ሸራው ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ፤ ወዲያው ነፋስ መታውና እንደ ነጎድጓድ ጓ አለ።

«ያ አላህ፣ መብረቅ! ማሽላው ሊበሰብስ ነው!» ብለው የሙሽራው አባት ከደጅ ጮኹ።

የሁላችንም ማሽላ አውድማ ላይ ሳይሸፈን ውሏል። የዓመት ቀለብ ነው፤ ማን ይቀመጣል? እኔም ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። ስንደርስ ሰማዩ ላይ ያለው ኮከብ ብቻ ነው።

አፍረን ስንመለስ ፎቶ አንሺው፣ «እናንተ ስትሮጡ ደግሜ አነሳሁ፤ ግሩም ወጥቷል!» ብሎ አሳየን። ሙሽሪት ጉርሻ ዘርግታለች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ሙሽራው ሱፉን ገለባ አልብሶ ከኋላችን ቆሟል። አየችውና ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው።

«በል እንግዲህ፣» አለችው፣ «ማሽላህ ያጉርስህ።»