አቮካዶዬን ለባሕር ማዶ እንዳበሰልኩት

የሰው ሆድ ሁሉ አንድ ነው የሚሉ ሰዎች ባሕር ማዶ ላለ ሆድ ፍሬ ሸጠው አያውቁም። ያኛው በየዓመቱ አመሉን ይቀይራል፤ ወሬው እዚህ መቱ የሚደርሰው ደግሞ እኛ ከተከልን በኋላ ነው።

ጓሮዬ አባቴ የተከለው አቮካዶ አለ። ፍሬው የሕፃን ራስ ያህላል። አምና ለአውሮፓ የሚልክ ነጋዴ አይቶት ሳቀ። አውሮፓ የሚወደው ትንሽ፣ ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር ነው አለኝ። ፈጣሪ ሲሠራው ሳያማክራቸው ቀርቶ ይሆናላ። ባለቤቴ አስካለ ይህን ሰምታ ዛፉ ይቆረጥ፣ የአውሮፓው ችግኝ ይተከል አለች። የአባቴ እጅ ያረፈበት ነው ብዬ ለመንኳት። ዘንድሮ ገዢ ካገኘ ይተርፋል፣ ካላገኘ ምሳር ተባባልን። “ቶሌ፣ እሺ” አለች።

ዘንድሮ ሌላ ነጋዴ በጎሬ በኩል መጣ። የአውሮፓው መርከብ መንገዱ ረዝሞበታል፣ አሁን የምንልከው ዓረብ አገር ነው፣ እነሱ ደግሞ ትልቅ ይወዳሉ አለ። በሳምንቱ እስክመጣ አውርደው ይጠብቁኝ ብሎኝ ሄደ። ያን ዕለት ለጸሎት ቆሜ መቀመጥ ረሳሁ።

አወረድኩ። እስቲ ፍረዱኝ፤ በእኛ አገር ለእንግዳ ጥሬ ፍሬ ይቀርባል? ያውም ባሕር ተሻግሮ? አንድ በአንድ ጠርጌ እንዲበስል በጤፍ ገለባ ቀበርኩት፤ ጠዋት ማታ እየገለጥኩ አማትብበታለሁ። ጭማቂ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ሐጂ ከድር አዩኝና፣ ወደ ዓረብ አገር ከሆነ ማማተቡ ይበቃል፣ ዱዓውን ለእኔ ተወው አሉኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ተረጋግቼ ነው ያፈሰስኩት።

ነጋዴው መጥቶ አውራ ጣቱን ቢያሳርፍበት እስከ አንጓው ሰጠመ። ለካ ለውጭ የሚሄደው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይሳፈራል፣ መብሰሉ እዚያ ነው።

“ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይሄ ጅቡቲ ሳይደርስ ሾርባ ይሆናል።”

እኔንስ ጥሬ አቅርብልኝ ያለኝ ማን ነው?

አስካለ ምሳሩን ከጓዳ አውጥታ ደጃፍ ላይ አጋደመችው። ነጋዴው ግን ርቦት ኖሮ አንዱን ከፍሎ በዳቦ በላ፤ ደገመ፤ ሦስተኛውን በሚጥሚጣ። አፉን ጠርጎ ምሳሩን አየ።

“እትዬ፣ እንዳይቆርጡት። ባሕር ማዶ ያሉት ከርሞ ምን እንደሚወዱ ገና አልነገሩንም።”

“እስከ ከርሞ እንግዲህ” ብላ ምሳሩን መለሰችው።

ዛፉ ቆሟል። እኔም ድሮ ጠዋት ስነሣ ለጤና፣ ለዝናብ፣ ለአገር ሰላም ነበር የምጸልየው። አሁን ከሦስቱም አስቀድሜ፣ የማላውቀው ዓረብ ትልቅ አቮካዶ እንዳይሰለቸው እለምናለሁ።