ከጀልባው ቀድሞ የመጣው ሞንታርቦ

ጀልባ ሳይኖረው ለጀልባው ሙዚቃ የሚጨነቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንጅባራ ውስጥ አንድ አለኝ። ባጃጅ ነጂው አለነ ዘንገና ሐይቅ ላይ ጀልባ ሊያንሳፍፍ ሲመኝ ስንት ዓመቱ! መጀመሪያ የገዛው ታዲያ ሁለት ሞንታርቦ ነው።

«ትንሽ ስፒከር አይበቃም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የጀልባው ሞተር ድምፁን ይውጠዋል» አለኝ። የትኛው ጀልባ? የትኛው ሞተር?

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ጎረቤቴን እማማ የሻረግንና እኔን አሳፍሮ ሲመልሰን፣ ሐይቁ ዳር ቆመና ጣሪያው ላይ ያሰራቸውን ሞንታርቦዎች ከባጃጁ ባትሪ ጋር አገናኘ። ወይ ድምፅ! የዘንገና ጦጣዎች እስከ ዛሬ የተመለሱ አይመስለኝም። ዘፈኑ ሳይጋመስ ግን ባትሪው ሞተ፤ ባጃጁም አልነሳ አለ።

እየገፋን ዳገቱን ስንወጣ እማማ የሻረግ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ «ልጄ፣ ጀልባህ እንዲህ መሀል ውኃ ላይ ቢቆም ማን ሊገፋልህ ነው?» አሉት።

አለነ ዞሮ ባዶውን ሐይቅ አየ። «እርስዎ ብቻ ይሳፈሩልኝ እንጂ እማማ፣ እየዋኘሁ እገፋዎታለሁ።»

 ትንሽ እንደሄድን እማማ የሻረግ፣ «በየት በኩል ነው የምሳፈረው?» ብለው ጠየቁት።