የዳንቪክ ባቡር ጣቢያና የአቶ ኦሬስት እርማት

በየከተማው የሌላውን ወሬ ሳያርም እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አይታወቅም እንጂ መመደቡ አይቀርም። በስንዴ ማሳ ለተከበበችው ለእኛዋ ዳንቪክ የደረሱን ክቡር አቶ ኦሬስት ሜልኒቹክ ናቸው፤ የባቡር ጣቢያችን የታሪክ ሊቅ፣ የዓመተ ምህረት ዘበኛ።

እሳቸው "ለትክክለኛነቱ ያህል" ካሉ ምግቡ ቀዘቀዘ ማለት ነው። ባለፈው መኸር በከተማው አዳራሽ በየዓመቱ በሚዘጋጀው የዶሮ ራት ግብዣ ላይ አንዲት ሴትዮ አያቶቿ በ1909 ጣቢያው በር ላይ ተዋውቀው እንደተጋቡ ስታወራ፣ አቶ ኦሬስት ሹካቸውን አስቀመጡ። በ1909 ጣቢያም በርም እንዳልነበረ፣ ባቡሩ ሜዳ ላይ ይቆም እንደነበር አስረዱ። ሴትዮዋ አያቶቿን የት ታስተዋውቃቸው? ራቷን ሳትጨርስ ሄደች።

በአንድ ቀብር ላይ ደግሞ ሟቹ የመጀመሪያውን ባቡር ያዩት ረቡዕ ሳይሆን ማክሰኞ ነው ብለው ቄሱን አቋረጡ። ቄሱም ምን ያድርጉ፣ ማክሰኞ ብለው ቀጠሉ።

እኔማ በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ሃያ ዓመት ሙሉ አሳሬን አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ጣቢያው ድሮ አረንጓዴ ነበር ብዬ ብጽፍ፣ የቀይ ቀለም ፍርፋሪ በክብሪት ቀፎ ይዘው ቢሮዬ ከተፍ አሉ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም ባሉ እያልኩ እመኝ ነበር።

መንገደኛ የሚጭነው ባቡር ከቀረ በኋላ ግን ጣቢያው በቅርስነት ካልተመዘገበ በጸደይ ይፈርሳል ተባለ። አቶ ኦሬስት የተወለዱት እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ አባታቸው የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ሰውዬው በአንድ ሳምንት ከሱ።

መዝጋቢው ከዋናው ከተማ ሊመጣ ሆነ። ለመመዝገብ ቤቱ በተሠራበት ቦታ መቆም አለበት ተብሎ ሰምተናል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጣቢያችን የጎረቤታችን ከተማ የኤልግሬን አሮጌ ጣቢያ ነበር። በ1911 እነሱ አዲስ ሲሠራላቸው፣ አባቶቻችን አሮጌውን ግንድ ላይ ጭነው፣ በረዶ ለበረዶ በፈረስ ጎትተው አመጡት። ቤት መጎተት እዚህ አገር ብርቅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሁለት ጊዜ ተጉዛለች። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያነሳውም።

ከንቲባችን ወይዘሮ ሲግሩን በዋዜማው አቶ ኦሬስት ቤት ድረስ ሄዱ።

"ኦሬስት፣ ነገ አንዲት ቀን አፍህን ዝጋልን። የተወለድክበት ቤት ነው የሚፈርሰው።"

አቶ ኦሬስት በሩን ቀስ ብለው እንደዘጉባቸው ነገሩን።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መዝጋቢው ብዕሩን አውጥቶ፣ "ቤቱ ከተሠራበት ቦታ ተነስቶ ያውቃል?" አለ።

"በፍጹም" አሉ ወይዘሮ ሲግሩን።

ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን። አቶ ኦሬስት ብድግ አሉ። "ለትክክለኛነቱ..." ብለው ጀመሩና በመስኮቱ የጣቢያውን ፎቅ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውንም ዓይናቸው ድረስ ሳቡት።

ሃያ ዓመት የተመኘሁት ዝምታ መጣልኝ፤ አንጀቴ አልቻለም። ሰውዬው በእርጅና ዘመናቸው በእኛ ምክንያት ውሸታም ሲሆኑ ቁጭ ብዬ ላይ ነው? ተነሳሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ወይዘሮ ሲግሩን ጥሬዬን ሊበሉኝ ደረሱ።

መዝጋቢው መነጽሩን አወለቀ። "ቤቱን እንዳለ? በበረዶ ላይ?"

"እንዳለ።"

"ከቦታው ለተነሳ ቤት ሌላ መዝገብ አለን" አለ፣ አዲስ ቅጽ ከቦርሳው እየሳበ። "ግን አጓጓዙን በዝርዝር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል። ለመሆኑ በስንት ፈረስ ተጎተተ?"

"በአርባ" አልኩ በልበ ሙሉነት።

ከኋላ ወንበር ሲጢጥ አለ። አቶ ኦሬስት ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ደም ተመልሷል።

"ሠላሳ ስምንት ፈረስና ሁለት በቅሎ" አሉ። "አንተ ደግሞ አርባውን ከየት አመጣኸው?"

በዕድሜዬ በመታረም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።