የባሌ እህት መርከብ ስትሳፈር

ለረጅም ጉዞ መርከብ የሚሳፈር ቤተሰብ ሁሉ፣ ካፒቴኑን ሥራ የሚያስፈታ አንድ ሰው ይዞ ይሳፈራል። የእኛዋ ክብርት እመት ግሌኒስ ትባላለች። የባሌ የኤምሊን ታላቅ እህት ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በመርከብ ተጉዛለች፤ ሁለት ጊዜ የተጓዘ ሰው ደግሞ ውቅያኖሱን በአደራ የተረከበ ይመስለዋል።

ከእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ሳንርቅ ማዕበሉ መጣ። ልጄ ሂዩ ፊቱ አመድ መሰለ። ግሌኒስ ከዌልስ፣ ከስዋንሲ ከተማ በቆርቆሮ ዕቃ ይዛ የመጣችውን የዘቢብ ኬክ አፉ ውስጥ ወተፈችለት።

«ባህር የሚደፍረው ባዶ ሆድን ነው። ዋጥ!»

«አክስቴ፣ በእግዚአብሔር...»

«እሱንም ከዋጥክ በኋላ ትጠራዋለህ።»

ዋጠ። ዳነም። ለምን እንደዳነ እስካሁን የገባው ሐኪም የለም።

እኛ የዌልስ ሰዎች ከሰው ጋር ስንተዋወቅ ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበን የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ግሌኒስ ግን ይህን ልማድ ወደ ፖሊስ ምርመራ አሳድጋዋለች። አሳንሰር ውስጥ ያገኘቻት ሴት እናት ከእኛ አክስት ጋር በአንድ ጸሎት ቤት ትዘምር እንደነበር ለማወቅ ሦስት ፎቅ እንኳ አልፈጀባትም። አንድ ቀን ደግሞ ነጭ የለበሰ ረጅም መኮንን መተላለፊያው ላይ አስቆመች።

«ፊትህን አውቀዋለሁ። የአገሬ፣ የላኔሊ ሰው ነህ።»

«የኖርዌይ ሰው ነኝ፣ እመቤቴ።»

«እናትህስ?»

ሰውዬው እናቱን ደውሎ መጠየቅ እንዳለበት እያሰበ ሄደ።

ጉዞው የኤምሊን ሐሳብ ነበር። ለአራታችንም ቦታ የያዘው እሱ ነው፤ ከዚያ በክረምቱ ሞተ። ልጄ «እሱም ይህንን ነበር የሚፈልገው» አለኝ። መጣሁ። በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ የራት ገበታ እስከ ጉዞው መጨረሻ አይቀየርም። የእኛ ለአራት ሰው ተይዞ ነበር፤ ሦስት መሆናችንን ለመርከቡ ሰዎች መንገር የማናችንም ሐሳብ ላይ አልመጣም። በመጀመሪያው ራት አስተናጋጁ ሳቪዮ በባዶው ወንበር ፊት ሹካና ቢላ አሰናዳ።

«ጌታው ዘግይተው ይመጣሉ?» አለ በትሕትና።

ሦስታችንም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየን። ውጭ ጨለማ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ለሂዩ፣ «ማዴይራ ደሴት ስንደርስ እወርዳለሁ። በአውሮፕላን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አልኩት። «እሺ እማዬ» አለና ቀጥታ ሄዶ ለአክስቱ ነገራት። ስብከቷን ተዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

እሷ ግን ለራት አንድ ሽማግሌ በክንዱ ይዛ መጣችና ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «ይህ ኢድሪስ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚበላው፤ ያውም እየቸኮለ።»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «የኤምሊን ወንበር ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ወንድሜ ሰው ቆሞ እያየው በልቶ ያውቃል?»

አያውቅም። ኢድሪስ አንዴ አውቶቡሱን የሰው ሠርግ ግብዣ መሐል እንዴት እንዳስገባ አጫወተን፤ እኔም ሾርባዬን ሳላውቀው ጨረስኩ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሰው አመጣች፣ ከዚያም ሌላ። ሳቪዮ ማን እንደሚመጣ መጠየቁን ተወ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ገበታ ላይ ከሳቅኩት ብዙ ጊዜ የሆነኝን ዓይነት ሳቅ ሳቅኩ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ማዴይራ የደረስነው በጠዋት ነው። ቤቶቹ ተራራው ላይ ነጭ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ መውረጃው ስሄድ፣ ግሌኒስ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የራሷ ሻንጣ አለ፤ የአንድ ሹራብ እጅጌ በክዳኑ ሥር ተርፎ ይታያል።

«ወዴት ነው?»

«ካንቺ ጋር።»

«አብደሻል? ጉዞው ገና መጀመሩ ነው!»

«ብቻሽን እዚያ ቤት አትገቢም» አለች። ከዚያም ዝም አለች። ግሌኒስ ዝም ስትል አይቻት ስለማላውቅ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። ዓይኗ አብጧል። ኤምሊን ወንድሟ መሆኑን እኮ፣ በራሴ ኀዘን ተይዤ፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰዎች ኮፍያቸውን እያስተካከሉ በፊታችን ያልፋሉ።

«ግሌኒስ፣ አውሮፕላን ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ትፈሪያለሽ?»

«ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ነው ያደረው።»

ተነሣሁና የእሷን ሻንጣ በአንድ እጄ፣ የእኔን በሌላው ይዤ ወደ መኝታ ክፍሎቻችን ወደሚመልሰን አሳንሰር ዞርኩ። የእሷ ድንጋይ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ጭነሽበት ነው?»

«የበጋም የክረምትም ልብስ ነው» አለች ከኋላዬ እየተከተለች። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ቤት ለምን ያህል ጊዜ እንደምቀመጥ?»