የእንግሊዝኛ ደቦ

እኔ የምለው፣ ለፈተና የሚያጠና ሰው ሰላም ይባላል ወይስ አይባልም? እስቲ መልሱልኝ። ቸኩላችሁ «ይሄ ምን ጥያቄ ነው፣ ሰላምታ የእግዜር ነው» እንዳትሉኝ። እኛም እንደዚያ ስንል ነው አንዲት ልጅ ከመንገድ ልናስቀር የነበረው።

ሱቄ ጅማ ጅሬን ነው፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወጣው ዳገት ከመጀመሩ በፊት። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ የሞባይል ካርድ አይጠፋም። በላይነሽ እባላለሁ። ሰፈርተኛው «በላይነሽ ወሬ ትወዳለች» ይላል። ውሸት ነው! እኔ የምወደው ማወቅ ነው። ወሬ ከሰው አፍ የሚለቀም ነው፤ እኔ ግን ሱቄን ዘግቼ ሄጄ በዓይኔ ነው የማጣራው። ልዩነቱን ለባሌ ስንት ዘመን አስረዳሁት፣ አልገባውም።

ከሱቄ ፊት ለፊት የሞሚና ቤት አለ። ሞሚና በርበሬና ኮረሪማ እየነገደች ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ልጇ ሀያት ትባላለች። ሀያት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ተፈተነች፣ ውጤቱ ግን አልመጣላትም። የጣላት እንግሊዝኛው ነው። ሌላው ሌላው ደህና ነበር። ሞሚናም «አንዴ ድገሚ። ዘንድሮም ካልሆነ አሰንዳቦ ትሄጃለሽ፣ በቃ» አለቻት። አሰንዳቦ አክስቷ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፣ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች የሚቆሙበት። ሥራ ነው፣ ሥራ አይናቅም። ሀያት ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ መሆን የምትፈልገው ሐኪም ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም የዶሮዬን እግር በፋሻ አስራልኝ ነበር። ዶሮዋ አልተረፈችም፤ ፋሻው ግን ሲያምር!

አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እንግሊዝኛ ምኑ ነው የከበደሽ?»

«እትዬ፣ ሰዋስዉ አይደለም» አለችኝ። «ምንባቡ ነው። ጀምሬ አልጨርሰውም። አንድ ገጽ ሳልዘልቅ ሐሳቤ ብትን ይላል።»

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ደህና ነው፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ በርጩማዋን አስጠግታ መጽሐፏን ይዛ ነው የምትውለው። ቤቱ ጨለማ ነው፣ መብራቱም የሚሄድበትን እንጂ የሚመጣበትን አያውቅም፣ ስለዚህ ቦታዋ በረንዳው ነው። ታዲያ አንድ ገጽ እንዴት ያቅታታል? ቡዳ ነው? የደም ማነስ ነው? ሁሉንም አሰብኩት።

እናንተ ከሩቅ ሆናችሁ ገብቷችኋል። እኛ ግን ውስጡ ነበርን። እኛ ጋ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው እያዩ ዝም ብሎ ማለፍ ጠብ ነው። መንገዱ ደግሞ የመስጊድም የገበያም መንገድ ነው። ለምሳሌ አባ ፊጣን ውሰዱ። አባ ፊጣ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፣ የቡና ማሳ አላቸው፣ ሰላምታቸውም እንደ ማሳቸው ሰፊ ነው። «አሰላሙ አለይኩም! አካም ጂርታ? ነጋ?» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ሀርሜ፣ እናትሽ፣ ደህና ናት? ጉልበቷስ? ላሟስ ወለደች? አሰንዳቦስ ዝናብ ጣለ? ሀያት ብድግ ብላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «አልሀምዱሊላህ» እያለች ለእያንዳንዱ ትመልሳለች። ትቀመጥና ገጹን ከላይ ትጀምራለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሌላ ሰው ብቅ ይላል። ሰው በጠፋ ጊዜ ደግሞ እኔ አለሁ። «ሀያት፣ ነይ እስቲ ሱቁን ያዥልኝ!» እላለሁ። እኔ ስለቃት እናቷ ነጭ ሽንኩርት ታስልጣታለች።

ምንባቡን ራሱን አንድ ቀን ተረጎመችልኝ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ውሻውን ይዞ ባሕር ይወጣል። ማዕበል ይነሳል። ውሻው ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ሰውየው ይጮኻል። ከዚያስ? አለቀ። ከታች «የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» ይላል።

«ውሻውስ?» አልኳት።

«እትዬ፣ እሱን አይጠይቁም።»

እንዴት አይጠይቁም! አባ ፊጣ ሲያልፉ ሰሙና እሳቸውም ቆሙ። ተረት ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው አሉ። ገበያ የሚወርዱ ሴቶችም ዕቃቸውን አስቀመጡ፣ ስለ ውሻው ተወያየን። ውሻ ዋና ይችላል የሚሉ ነበሩ፣ ባሕር ይለያል የሚሉ ነበሩ። ሀያት መሀላችን ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች።

ከጓሮዬ ዳዊት የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይቶ ይኖራል፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣ። ሞሚና መላ በለኝ ብትለው፣ «ቋንቋ እኮ የሚለመደው በመነጋገር ነው፣ የምታወራው ሰው ያስፈልጋታል» አላት። ምስኪን፣ ለአፉ ያህል የተናገረው ነው። ቃሉ ግን አባ ፊጣ ጆሮ ደረሰ።

አባ ፊጣ ሰፈሩን በረንዳው ላይ ሰበሰቡ። «ቡና ስንለቅም በደቦ ነው» አሉ። «ቤት ስንሠራ በደቦ ነው። የሞሚና ልጅ እንግሊዝኛን ብቻዋን ስትሸከም ቁጭ ብለን እናያለን? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው!» ውሳኔውም ወጣ። እስከ ፈተናው ድረስ ሀያትን ማንም ሰው ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ እንዳያናግራት። አማርኛ የለም፣ ኦሮምኛ የለም። ሕጉ ለእናቷም አልቀረላትም። የጣሰ ሰው ከደቦ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ከደቦ የቀረ ሰው እኛ ጋ ምን እንደሚባል አልነግራችሁም። ዳዊት «እኔ እኮ እንደዚህ አላልኩም» እያለ ተንተባተበ፣ ማን ይስማው? ደቦ የተጠራለት ሰው ያበላል፣ ሞሚናም በቅቤ የራሰ ጩኮ አቀረበች፣ በላን፣ መረቅን፣ ተነሳን።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። «ጉድ ሞርኒንግ ሀያት!» ከሰዓት በኋላም ጉድ ሞርኒንግ ነው። «ሀው አር ዩ?» «ፋይን!» እሺ፣ ከዚያስ? አባ ፊጣ እዚያች ላይ ደርሰው ቆሙ። ሀርሜ አለች፣ ጉልበቷ አለ፣ ላሟ አለች፣ ዝናቡ አለ። እንግሊዝኛቸው ግን የለም። ሰማዩን አዩ፣ በከዘራቸው መሬቱን ቆረቆሩ፣ በመጨረሻ እንደገና «ጉድ ሞርኒንግ» ብለው ሄዱ። ሱቄ በራፍ ላይ ተቀምጠው «በላይነሽ፣ እናቷን ሳልጠይቅ አለፍኩ እኮ። ይሄ ሰላምታ ነው ወይስ ስድብ?» አሉኝ። አሳዘኑኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሆነ። መንገዱ ጭር አለ። ገበያ የሚወርድ የለም፣ ከመስጊድ የሚመለስ የለም። የእኔም ሱቅ ቀዘቀዘ። እኔ ራሴ ሀያትን ልጠራት አፌን እከፍትና «ሱቁን ያዥልኝ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ እዘጋዋለሁ። ሞሚናም ሽንኩርቷን ለብቻዋ ትልጣለች። ሬዲዮኔን እንኳ የእንግሊዝኛ ጣቢያ ላይ አድርጊው ተብዬ አደረግሁት፣ የሚያወራው ስላልገባኝ ዘጋሁት። ሀያት ብቻ በረንዳው ላይ ሆና ገጽ ትገልጣለች። ገጽ ስትገልጥ አይቻት አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም፤ ሐሳቤ ሁሉ መንገዱ ላይ ነበር። ሰው ተጣላ? ከእኔ ይሆን የተጣላው?

አልቻልኩም። ሱቄን ዘግቼ ላጣራ ወጣሁ።

በታች በኩል፣ በወንዙ ዳር፣ ከብት የሚነዳበት ጭቃ መንገድ አለ። እዚያ ስወርድ ምን ላይ? ሰፈሩ በሙሉ! አባ ፊጣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከፊት። ከኋላቸው ሴቶቹ ከነዘንቢላቸው። እርስ በርሳቸው ደግሞ ሰላም ይባባላሉ፣ በሙሉ ሆዳቸው፣ ላም ሳይቀር፣ ዝናብ ሳይቀር።

«አባ ፊጣ፣ የላዩ መንገድ ታርሷል እንዴ? ምን ያንከራትትዎታል በዚህ ጉልበት?»

«ልጄ፣ ሰው አይቼ እናቱን ሳልጠይቅ ከማልፍ ጭቃው ይሻለኛል» አሉኝ። «እንግሊዝኛዬ አለቀ።»

ምን ልበል? እኔም ጫማዬን አውልቄ አብሬያቸው ዞርኩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው አድረው ነው የሚፈተኑት፣ ስልክ የለ፣ ጠያቂ የለ። ሰፈሩ ሁሉ እስከ በሩ ሸኛት። ሞሚና ታለቅሳለች። አባ ፊጣ ዱአ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ «ዱአ በእንግሊዝኛ አይሆንም» ብለው ደቦውን ራሳቸው አፈረሱት፣ በኦሮምኛም በአማርኛም መረቋት። እኔም «ሀያትዬ፣ በርቺ» ማለት ቻልኩ። ተንቆ የኖረ ቃል እንዲህ ሲናፍቅ አይቼ አላውቅም።

ስትወጣ አባ ፊጣ ከሁሉ ቀድመው «ውሻው ተገኘ?» አሏት።

«ውሻው አልመጣም አባ። የመጣው ስለ ንብ ነው።»

«ንቧስ ማሩን ሰጠች?»

«እዚያ ጋ አቆሙት።»

«አይ እነዚህ ሰዎች!» አሉ አባ ፊጣ።

ውጤቱ ሲመጣ ግን እልልታው ዳገቱ ላይ ቤተ መንግሥቱ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። አለፈች! ያውም ከሁሉ የበለጠው እንግሊዝኛው ነው። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ መኖር አልተቻለም። «ሀው አር ዩን ያስያዝኳት እኔ ነኝ» አሉ አባ ፊጣ። «ፋይን የእኔ ናት» አለች ሌላዋ። ሀያት ሁሉንም በየተራ እጅ እየነሳች «ሁላችሁም ናችሁ» አለች።

እኔ በዚህ የምታለል ሰው ነኝ? ዕቃዋን ስትሸክፍ ገብቼ «እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«እትዬ፣ ሰው እንዳይሰማ። ምንባብ እስከ መጨረሻው ማንበብ የቻልኩት ደቦው ከተጠራ ወዲህ ነው። የሚያቋርጠኝ ሰው አልነበረማ!»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ትንሽ ከፋኝ፣ ከዚያ እንደገና ሳቅሁ። ለማንም ላልናገር ማልኩላት። ለእናንተ የነገርኳችሁ እንድታውቁት ነው፣ ወሬ አይደለም።

ሀያት ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ሄደች። ዝናው ግን አሰንዳቦ ደረሰ። ጅማ ውስጥ ሽማግሌው ሳይቀር እንግሊዝኛ የሚናገርበት ሰፈር አለ ተባለ። አክስቷ ሆዬ፣ ምግብ ቤቷን ትታ የራሷን ልጅ ረውዳን ይዛ መጣች። ረውዳም ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ያው በረንዳ፣ ያው በርጩማ።

አባ ፊጣ ደቦ ጠሩ። በዚህ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። «አምና እንግሊዝኛችን አልቆ ተዋርደናል» አሉ። «ሰው በጭቃ ዞሯል። ዘንድሮ መጀመሪያ እኛ እንማር።» ዳዊትም እየሳቀ ከአሱር ሶላት በኋላ ሱቄ በራፍ ላይ ሊያስተምር ተስማማ። ለሀያት በስልክ ብነግራት ጮኸች። «እትዬ! በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እንዳያስተምራቸው!»

ሞከርኩ። ግን እውቀትን እንዴት ብዬ ልከልክል? ደግሞስ ማወቅ የምወደው እኔ አይደለሁ? ከሁሉ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ጠዋት አባ ፊጣ ጫማቸውን አስጠርገው በላዩ መንገድ መጡ። ረውዳ ብድግ አለች። ጉድ ሞርኒንግ አሏት። እናቷን ጠየቁ፣ በእንግሊዝኛ። ጉልበቷን ጠየቁ፣ በእንግሊዝኛ። ላሟን፣ ጥጃዋን፣ የአሰንዳቦን ዝናብ፣ አንዱን ሳይስቱ! ከኋላቸው ሴቶቹ ተራ ይዘዋል። ልጅቷ ቆማ ትመልሳለች፣ መጽሐፉ በርጩማው ላይ ተከፍቶ ነፋስ ያገላብጠዋል። የሀያት ልመና ትዝ አለኝ። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

ሲጨርሱም ከሱቄ አንገቴን አውጥቼ ጠራኋት። ሱቁን ያዥልኝ አልኳት፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል ሳላዛንፍ። ረውዳ መጽሐፏን ከድና መጣች።