ለአንድ ጓደኛዬ ነው

የአዲስ አበባ ሰው ተቸግሮ አያውቅም። የሚቸገረው ጓደኛው ነው። ፋርማሲ ገብቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የኪንታሮት መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው "ለአንድ ጓደኛዬ ነው" ይላል። ጠበቃ ዘንድ ሄዶ ፍቺ ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚጠይቀውም ለጓደኛው ነው። ኪንታሮቱም ፍቺውም የቤት ኪራዩም አንድ ላይ የተጫነበት ይህ ምስኪን ጓደኛ ማን እንደሆነ እስካሁን ያየው የለም። እኛማ ደህና ነን። እንዴት ናችሁ ሲሉን "ተመስገን" እንላለን። ጣሪያው የሚያፈስበትም ተመስገን ይላል፤ ጥርሱ ሲነዘንዘው የሰነበተውም አንድ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ተመስገን ይላል። ማለቴ፣ ቃሉ መጥፎ አይደለም። እግዜርን ማመስገን ማን ይጠላል? ችግር የሚመጣው ቃሉን ፎርም ላይ የጻፉት ቀን ነው።

እኔ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ተቀምጬ አላልኩም፤ ቆሜ። ከረባቴን አስሬ ለገባው ሁሉ "እንኳን ደህና መጡ"፣ ለወጣው ሁሉ "በደህና ይሂዱ" ስል ኖሬያለሁ። ባለሥልጣንም ይምጣ፣ ከሚስቱ ተደብቆ የመጣ ነጋዴም ይምጣ፣ ፊቴ አንድ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ መኮንን "የሆቴሉ ፊት ታደሰ ነው" ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስበው ሆቴሉ ለእድሳት እንደሚዘጋ ነገሩን። ለጊዜው ነው አሉ። "ለጊዜው" የሚባለው ጊዜ ርዝመቱ ምን ያህል እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ከረባት ያሰረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። የመጨረሻውን ደሞዝ በገንዘብ መክፈል ስላልተቻለ በዕቃ ተሰጠን። ወጥ ሠሪዋ ትልቁን ድስት ወሰደች፣ ለልብስ አጣቢዋ መጋረጃ ደረሳት፣ ለእኔ ደግሞ የእንግዳ መቀበያው ሶፋ ወጣልኝ።

ስለ ሶፋው ትንሽ ልበል። ቡናማ ቆዳ ነው፤ አራት ሰው ያስቀምጣል። ቤቴ ቄራ አካባቢ ያለች የቀበሌ ቤት ናት፣ አንድ ክፍል ከምናምን። በሩ አልበቃው ስላለ የበሩ መቃን ተነቅሎ ሶፋው ገባ፣ ከዚያ መቃኑ ከኋላው ተመልሶ ተመታ፤ ዳግም ቢነቀል የጭቃው ግድግዳ አብሮት ይወርዳል። እንዳልሸጠው ገዢ ሁሉ ሶፋውን ወዶ፣ በሩን አይቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከእናቴ ከእትዬ የሺ፣ ከባለቤቴ ከአልማዝ፣ ከልጄ ከሕሊናና ከእኔ ጋር አምስተኛ የቤተሰብ አባል ሆኖ መኖር ጀመረ። ከእኛ የሚለየው አለመብላቱ ብቻ ነው።

ስምንት ወር እንዲሁ አለፈ። አልማዝ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ እኔ ከሆቴል ሆቴል እየዞርኩ "እንደውልልሃለን" ስባል እውላለሁ። አንድ ቀን እራት ላይ ሕሊና እዚያው ቄራ አንድ ሥጋ ቤት አስተናጋጅነት ማግኘቷን ነገረችን። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ያውም ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እገባለሁ፣ የሚቀጥለውን ዓመት አልማርም፣ ግን ለጊዜው ነው አለች። ይህችን ቃል ከየት እንደማውቃት ወዲያው ትዝ አለኝ።

አልማዝ በማግስቱ ወረዳው ለሴፍቲኔት እየመዘገበ መሆኑን ሰምታ መጣች። ሴፍቲኔት ማለት መንግሥት ኑሮ ለከበደው ቤተሰብ በየወሩ የሚሰጠው ድጋፍ ነው፤ ጉልበት ያለው መንገድ እየጠረገ፣ ያረጀና የታመመ ደግሞ ቤቱ ሆኖ ይቀበላል። ይህን ካገኘን ልጅቷ ትማራለች፣ ሂድና ተመዝገብ አለችኝ። ከረባቴን አስሬ ሄድኩ። ለምዝገባ ከረባት ምን ያደርጋል? እኔም አላውቅም። ያለ ከረባት መሥሪያ ቤት ገብቼ ስለማላውቅ ይሆናል።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ምን ልርዳዎት ስትለኝ፣ አፌ ፈቃዴን ሳይጠይቅ "ለአንድ ጓደኛዬ ነው" አለ። ልጅቷ አልገረማትም። ጓደኛዎ ስንት ቤተሰብ ነው ያለው አለችኝ። ከራሱ ጋር አራት አልኳት። ሥራስ? ሆቴል ይሠራ ነበር፣ ተዘጋበት። ከተዘጋበት ምን ያህል ሆነው? ስምንት ወር ከአሥር ቀን። ለጓደኛው እንዲህ ቀን የሚቆጥር ሰው ብርቅ ነው ብላ ከረባቴን አየችው። ከዚያ በትሕትና፣ ጓደኛዎ መታወቂያውን ይዞ ራሱ ይምጣ፣ እዚህ ሰው ሁሉ የሚመጣው ለጓደኛው ነው፣ የማይመጡት ጓደኞቹ ናቸው አለችኝ። በማግስቱ ሄጄ ጓደኛዬ እኔው ነኝ አልኳት። ፈገግ እንኳን ሳትል መዘገበችኝ።

ከምዝገባ ቀጥሎ ያለው ኮሚቴ ነው። ሦስት የሰፈር ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተመዘጋቢውን ኑሮ አይተው ይጽፋሉ፤ መቼ እንደሚመጡ ግን አይናገሩም። እኔና አልማዝ እናቴን አስቀምጠን፣ ሰዎች ከመጡ እውነቱን ብቻ ንገሪያቸው አልናት። ቅር አላት። እኔ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ አለችን። እውነቷን ነው፣ እናቴ ዋሽታ አታውቅም።

መጡ። የመጡት እኔ መታወቂያ ፎቶኮፒ ላስደርግ፣ አልማዝም ያጠበችውን ልብስ ልታደርስ በወጣንበት ሰዓት ነው። እናቴ በኋላ ስታወራልን "ኮሚቴ መጣ" አላለችም፤ "እንግዳ መጣብኝ" ነው ያለችው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እናቴ የምታውቀው አንድ ሥርዓት ብቻ ነው። ከጎረቤት ብርጭቆና ዳቦ ተዋሰች፣ ሻዩን በቀረፋ አፈላች፣ ሰዎቹን ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሦስቱም ሰመጡ። ሰብሳቢው ከሰመጠበት ሆኖ መጠየቅ ጀመረ። ኑሮ እንዴት ነው እትዬ የሺ? ተመስገን። የሚበላ ይቸግራችኋል? ኧረ ምን ጎድሎብን። በቀን ስንት ጊዜ ትበላላችሁ? እናንተ መች በላችሁና፣ ዳቦውን ጨምሩ እንጂ። ልጅዎስ ሥራ ይዟል? ልጄማ ዛሬም ማልዶ ከረባቱን አስሮ ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውሸቱን ፈልጋችሁ አውጡልኝ።

ዝርዝሩ ወረዳው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜን ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ፈለግኩት። የለም። የመስኮቷ ልጅ ፎርሜን አውጥታ አነበበችልኝ። የቤተሰቡ ሁኔታ፣ ምንም የጎደለ የለም፣ ተመስገን። ሳሎኑ የተሟላ፣ የቆዳ ሶፋ ያለው። አባወራው ሥራ ላይ። "ተመስገን" የምትለዋ ፎርም ላይ ምን ትሠራለች ብዬ ጠየቅኳት። ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ሌላ ነገር ሊከተል ሲል፣ ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ፣ ሦስተኛው መስኮት ነው አለችኝ።

እናቴን ተቆጣኋት? አልተቆጣሁም። በሰባ ዓመቷ ለእንግዳ "ቸገረኝ" ማለትን ከየት ትማረው? የሆነውን ብቻ ነገርኳት። ሕሊና ደብተሯን ዘግታ፣ በቃ ሰኔ ላይ እገባለሁ አለች። እናቴ የልጅ ልጇን አየቻት፣ ቀጥላ ሶፋውን አየችው፣ ከዚያ ቅሬታው የሚሰማው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ቀጠሮው ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ ዋለ። ንጹሕ ነጠላዋን አጣፍታ አብራኝ ሄደች። ሰብሳቢው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላትና እንዴት ነዎት እትዬ የሺ አላት። ተመስገን አለች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ። እናቴ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችው። "ይሄን እንዳትጽፈው ልጄ፣" አለችው፣ "ይሄ ለእግዜር ነው። ለመንግሥት የሚሆነውን አሁን እነግርሃለሁ።"

ነገረችውም። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ሶፋው እንዴት እንደገባ፣ ለምን እንደማይወጣ፣ እኔም ከረባት አስሬ የምወጣው ወደ ሥራ ሳይሆን ሥራ ፍለጋ እንደሆነ ነገረችው። ስለ ሥጋ ቤቱም ነገረችው። ሰብሳቢው በቀን ስንት ጊዜ ትበላላችሁ የሚለውን ጥያቄ እንደገና ጠየቃት። እነሱ ያገኙትን ይበላሉ፣ እኔ ጾም ነኝ አለችው። ሰውዬው ቀና አለ። በሃምሳው? አላት። ከፋሲካ ቀጥለው ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳን እንደማይጾም እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። በሃምሳውም አለች እናቴ፣ ምሳዬ ለልጅቷ እንዲሆን ነው፣ ከገና ወዲህ ጾም ነኝ እላቸዋለሁ።

ለእኔ ስለት አለብኝ ብላኝ ነበር። ምን ዓይነት ስለት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ለምን አልጠየቅኩም? መልሱ ከአፏ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው መሰለኝ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፣ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ጸሐፊው ያለ ትእዛዝ ጻፈ።

በሁለተኛው ዝርዝር ስማችን ወጣ። የሰማን ዕለት እናቴ ምሳዋን በላች፣ ጨምሩልኝም አለች፤ ስለቴ ሰመረ ብላ እጇን ታጠበች። ሕሊና ሥጋ ቤቱን ይቅርታ ጠይቃ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ታደሰ የት ገባ ብለው ለሚጠይቁ፣ እናቴ ልጄ መንግሥት ቤት ገባ ትላቸዋለች። ይህም ቢሆን ውሸት አይደለም።

የመንግሥት ቤቱ ቢሮዬ ከስታዲየም አጠገብ ያለው መንገድ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰደርያዬን ለብሼ፣ መጥረጊያዬን ይዤ እገባለሁ። ፊቴን በሻርፕ እሸፍናለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለአቧራው ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር አቧራው አያስቸግረኝም። የሚያስፈራኝ ቁልፍ ያቀበልኳቸው የድሮ እንግዶች በዚያ ማለፋቸው ነው፤ ያ የሆቴሉ ፊት የተባለው ፊት ነዋ ከሻርፑ ሥር ያለው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ መኮንን በእግራቸው መጡ። በእግራቸው የምትለዋን ልብ በሉልኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመጡ ያየኋቸው በመኪና ነው። የሰበሰብኩትን ቆሻሻ ተሻግረው ሊያልፉ ሲሉ አፌ፣ ያው የተለመደው አፌ፣ "እንኳን ደህና መጡ ጋሼ" አለ። ድምፄን አወቁት። ምን ላድርግ፣ ሻርፑን አወረድኩ። እንዴት ነህ ታደሰ አሉኝ። ተመስገን አልኳቸው። የት ገባህ ታዲያ? መንግሥት ቤት አልኩ፣ መጥረጊያውን ወደ ኋላዬ አድርጌ። ጎበዝ አሉኝ። እርስዎስ ጋሼ ብላቸው፣ ተመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ፣ ሆቴሉም ቢሆን ለጊዜው ነው አሉ።

ድሮ ቢሆን በደህና ይሂዱ ብዬ እሸኛቸው ነበር። አሁን ግን ይህን "ምን ጎድሎብኝ" የሚባል ነገር ከእናቴ ተምሬዋለሁና ጠበቅኩ። አልሄዱም። ሰደርያዬን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሄ ነገር ምዝገባው የት ነው አሉኝ። ለአንድ ወዳጄ ነው አሉ።

ወዳጅዎ ስንት ቤተሰብ አላቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱና ባለቤቱ ብቻ ናቸው አሉኝ፤ እሷም ታማለች። ወረዳቸውን ብጠይቃቸው የእኛው ወረዳ ሆኖ ተገኘ፤ የትኛው መስኮት እንደሆነ ነገርኳቸው። መታወቂያቸውን ይዘው ራሳቸው ይምጡ፣ ኮሚቴው ቤት ሲመጣም ተመስገኗን ለእግዜር ብቻ እንዲሏት ይንገሩልኝ አልኳቸው። ጋሽ መኮንን ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ሁሉንም ጻፉ። ከዚያ ወዳጄ ትንሽ ኩሩ ነው፣ ላይመጣም ይችላል አሉኝ።

ሰኞ ዕለት የወሩን ድጋፍ ፈርሜ ልቀበል ወረዳ ስሄድ የጋሽ መኮንንን ወዳጅ መስኮቱ ጋ ተሰልፎ አየሁት። ከረባት አስሯል። አፌ "እንኳን ደህና መጡ" ሊል ተከፈተና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃዴን ጠየቀኝ። ከለከልኩት።